ከሀዋሳ እስከ ጥቁር አንበሳ በብስክሌት

ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ቀን ከሌት አውቶቡስና ሚኒባስ ይመላለሳል። ከተሳፋሪው መሀል ደግሞ ሕመምተኛ አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ያም ሆኖ ከየክልሉ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚመጣው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ጨረር ደግሞ አንድ ቀን ተደርጎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው ታዲያ የት ይደር? አስታማሚውስ?

ቤት ተከራይተው እነዚህን ሰዎች የሚያሳድሩ ክርስቲያኖች አሉ። ገንዘብ ልናሰባስብለት የተነሳነው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች ለአንዱ ነው። ቤቱን የሚመሩት ሰዎች ስማቸው እንዲነሳ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ሕመምተኞቹ የሚመጡበትን መንገድ በብስክሌት እንምጣበት፤ ቃል የገባልን ሰው ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ የቻለውን በቴሌብር ይላክ። ከቡድናችን ግማሹ የሀዋሳ ልጅ ነው፣ ግማሹ የአዲስ አበባ። ኦርቶዶክስም፣ ወንጌላዊም፣ ካቶሊክም አለበት። ቲሸርታችን ላይ «ለታማሚ ማረፊያ» የሚል ጽሑፍ አሳትመናል።

ቀኑን የመረጠልን አብሮን የተጓዘው ዲያቆን ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይቆያል። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበት ይታሰብበታል። «ስለ ስደት በሚዘመርበት ሰሞን ለእንግዳ ማረፊያ ብንደክም ጥሩ አይደለም?» አለን። ሁላችንም ተስማማን።

የምጽፈው ስለ ብስክሌቱ አይደለም። መንገድ ላይ ስላገኘናቸው ሰዎች ነው። የአብዛኞቹን ስም እንኳ አላውቅም።

ሐሙስ ኅዳር 4፦ ከሀዋሳ ባቱ

ጎህ ሲቀድ ከሀዋሳ ወጣን። እስከ ሻሸመኔ ዳገቱ ለስለስ ያለ ነው። ከአርሲ ነጌሌ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ላንጋኖ አካባቢ ሜዳው ይዘረጋል። ያስቸገረን ነፋሱ ነው። ከፊት ለፊት ይመጣል፣ ፔዳሉን ያከብደዋል።

እኩለ ቀን ላይ የቡድናችን ታናሽ፣ የሀዋሳዋ ልጅ፣ ፀሐይ መታትና አዞራት። ከመንገድ ዳር ካለ ግራር ሥር አስቀመጥናት። ከወዲያ ማዶ ካለው ቤት ኮፍያ ያደረጉ አባት መጡ። ምንም ሳይጠይቁ ሰሌን አነጠፉላት። ሴት ልጃቸው ወተት ይዛ ተከተለች። የእኛዋ ታናሽ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች። ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች። ሰውዬው ለአፍታ አዩዋትና ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሯት። ልጅቷ ወተቱን መልሳ ትኩስ ንፍሮ ይዛ መጣች። ሙስሊም ናቸው፤ የእኛን ጾም ግን ያውቁታል። አረፍ ብለን ስንነሳ «ገለቶማ» አልናቸው። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሸኙን።

አመሻሹ ላይ ባቱ ገባን፣ ያገኘነውን በልተን ተኛን።

ዓርብ ኅዳር 5፦ ከባቱ ቢሾፍቱ

መቂ ላይ የአንዱ ብስክሌት የኋላ ጎማ ተነፈሰ። የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ የሚረግፈው ቀጭን ሽቦ ገብቶበታል። በአቅራቢያው የነበረው ጎሚስታ ዕቃውን እየሰበሰበ ደረስን። ለጁምዓ ሶላት ሊሄድ ነው። ሰዓቱን አየ፣ ቲሸርታችንን አነበበ፣ ሳጥኑን መልሶ ከፈተ። እጁ ሲፈጥን ለጉድ ነው። ሽቦውን በጥርሱ ነቅሎ፣ የውስጡን ጎማ ለጥፎ፣ ነፍቶ አስረከበን። ሒሳብ ስንጠይቀው «ለታማሚዎቹ አድርጉት» ብሎ ወደ መስጊዱ ሮጠ። ልብሱን እንኳ አላራገፈም።

ሞጆ ላይ የጭነት መኪናው ብዛት አስጨናቂ ነው። ቢሾፍቱ የደረስነው እግራችን ዝሎ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 6፦ ከቢሾፍቱ መስቀል አደባባይ

ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ዲያቆኑ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መጣ። የቀረን 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን አብዛኛው ዳገት ነው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ መስቀል አደባባይ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ። በፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አይፈቀድም። ስለዚህ በነባሩ መንገድ በዱከም፣ በገላንና በአቃቂ መጣን።

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሲኖትራክ ነው። እኛም ከኋላችን አንድ ሲኖትራክ ሲያጓራ ልባችን ራደ። ቃሊቲ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ የጠበበበት ቦታ ነበር፣ ዳሩም አፈር ነው። ሹፌሩ ግን አላለፈንም። የግራና የቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ፣ በእኛ ፍጥነት፣ ከኋላችን መጣ። ከእሱ በኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ያደርግ ጀመር። እሱ ንቅንቅ አላለም። መንገዱ ሰፋ ሲል ጎናችን ደረሰና በመስኮቱ ወጣ ብሎ «በርቱ! ከዚህ በኋላ ሰፊ ነው!» አለን። ፊቱን በደንብ አላየሁትም። ዕድሜ ይስጥህ ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ።

ከመንገዱ መጀመሪያ ጀምሮ በመሀላችን ክርክር ነበር። የሀዋሳዎቹ «አዲስ አበባ ስንገባ ማንም ዞር ብሎ አያየንም» ይላሉ። የአዲስ አበባዎቹ «ቆይ ታያላችሁ» እንላለን። ሳሪስን አልፈን ጎተራ ስንደርስ ክርክሩ ፈተና ላይ ወደቀ።

ላንቻ አካባቢ ታክሲዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረው መንገዱን ዘግተውታል። አንድ ተራ አስከባሪ አየን። ፉጨት ነፋ፣ የሚኒባሱን አፍንጫ በመዳፉ ደብደብ አደረገና «ቁም! ልጆቹ ይለፉ!» አለ። ሚኒባሱ ቆመ። ወያላው በመስኮት ተንጠልጥሎ «ከየት ነው?» አለን። «ከሀዋሳ!» «ከሀዋሳ በዚች?» አለና ለተሳፋሪው ሁሉ አወጀ። ከውስጥ አጨበጨቡልን። አንዲት ሴት በመስኮት የታሸገ ውሃ ወረወረችልን። ሁሉም ነገር የተፈጸመው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ባለው ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ደግነት እንዲህ ነው። የገጠሩ ሰሌን አንጥፎ ያስቀምጥሃል። የመሀል ከተማው ደግሞ እየሮጠ ይሰጥሃል፣ ሰጪውም ምስጋና ሳይሰማ ይሄዳል።

መስቀል አደባባይ ስንደርስ ፀሐይ ጠንከር ብላ ነበር። እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሳለምን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን። ከዚያ ወደ ስታዲየም ተሻግረን መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ዱካ ላይ ዘፍ አልን።

«መጀመሪያ ጠጡ፣ ወሬው ይደርሳል» አለችን። ረከቦቱን አስተካክላ ስኒዎቹን በየተራ ሞላች። ከየት እንደመጣን ስትሰማ ግን ዝም አላለችም። «እነዚህን ልጆች አያችኋቸው? ለጥቁር አንበሳ በሽተኛ ብለው ከሀዋሳ በእግር... በብስክሌት ነው የመጡት!» እያለች ለመጣው ሁሉ ነገረች። ሁለተኛውን ጠጥተን ልንከፍል ስንል «ተከፍሏል» አለች። ማን? «አንድ ልጅ ነው፣ ሄደ።» የት ሄደ? አገጯን ወደ ለገሃር አቀናች። ለገሃር በኩል የሚሄደው ሰው ስንት ነው! ከመሀላችን አንዱ ተነስቶ ሊፈልገው ሮጠ፣ ሳያገኘው ተመለሰ።

የሀዋሳዎቹ ሊያድሩበት የነበረው አዳራሽ ቂርቆስ አካባቢ ነበር። ስንደርስ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ክፍለ አገር ሄዷል ተባልን፣ ስልኩም አይሠራም። እየመሸ ነው። እኔና ሌሎቹ በየቤታችን እንከፋፈላቸው እየተባባልን ሳለ ዲያቆኑ ጎን ካለው ግቢ ደጃፍ ቆሞ እንደ ድሮ መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ!» አለ። ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ ወዲያው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ!» አለው።

የቀበሌ ቤት ነው። ሁለት ክፍል። እማማ፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይኖሩበታል። ብስክሌቶቹን ግቢው ውስጥ በሰንሰለት አሰርን። ምራቲቱ ፍራሽ አወረደች፣ ከጎረቤት ብርድ ልብስ ተዋሰች። እማማ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርገው በሳፋ አመጡና «እግራችሁን» አሉ። ልጆቹ «እኛው እንታጠባለን እማማ» ቢሉ አልሰሟቸውም። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና የእያንዳንዳቸውን እግር በእጃቸው አሹ። ታናሿ አለቀሰች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ። እናት ሀገር የሚባለው ይሄ ነው ብዬ ቀረሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እሁድ ኅዳር 7፦ ቸርችል፣ ጊዮርጊስ፣ አራት ኪሎ

ለቤቱ የምናሰባስበው በመንገዱ ብቻ አይደለም። እሁድን መሀል ከተማ እየዞርን፣ ቅዳሴና አምልኮ ከሚያበቃባቸው አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ቆመን ስለ ሥራው ልንናገር አቅደናል። ወንጌላውያኑ በየጸሎት ቤታቸው አምልከው እንዲመጡ ተነጋገርን። ቀኑ ደግሞ ኅዳር 7፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። ስለዚህ ፒያሳ እንገናኝ ተባባልን።

እኛ ከለገሃር፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ተነሳን። ብሔራዊ ቴአትርን አለፍን። ትግላችን ሐውልት ጋ ስንደርስ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ማለት ነው፣ የእኔ ካቴና ተበጠሰ። ገና ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ገና ማዘጋጃ ቤት አለ። በእሁድ ጠዋት የተከፈተ ጋራዥ የለም።

ነጠላ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አባት ከላይ ሲወርዱ ቆም አሉ። ካቴናውን ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃን አነሱት። «ሚስማርና መዶሻ አምጣ» አሉኝ። ከየት ላምጣ? እሳቸው ግን ወደ ሊስትሮው አመለከቱ። ልጁ ጫማ የሚጠግንበትን መዶሻና ቀጭን ሚስማር ይዞ መጣ፣ የጫማ መጠገኛ ብረቱንም እንደ መስፍ ከሥር አድርጎ ያዘላቸው። አባት የተሰበረውን ቀለበት አውጥተው ካቴናውን በአንድ አሳጥረው ገጠሙት። እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆነ። ነጠላቸውን ግን ጫፉን እንኳ አላስነኩም።

በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሜልቦርን ስትሄድ ሯጮች ብቻ አልነበሩም የሄዱት፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። አባት ያኔ ልጅ ነበሩ፤ የገረመውን ስም ሲያነሱ ዓይናቸው በራ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው እንዳዩትም ነገሩን። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለ ሩጫ ስናወራ ብስክሌታችንን ረስተነዋል፣ ያሳዝነኛል።

ሊስትሮው ከኪሱ ድፍን ብር አወጣ፣ ቲሸርቴ ላይ ወዳለው ጽሑፍ አመለከተና ብሩን እጄ ላይ አስቀመጠ። «እዚያ የሚተኙትን አውቃቸዋለሁ። ጫማቸውን እጠርጋለሁ» አለኝ። ጥቁር አንበሳን ማለቱ ነው። አባት ግንባሩን ሳሙት።

ፒያሳ ደረስን። በአራዳው ጊዮርጊስ ዙሪያ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኗል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ታቦቱ አድዋ የዘመተበት ነው። ብስክሌት ይዞ መግባት አይሆንም። መኪና የሚያቆመው ወጣት ሳንጠይቀው ብስክሌቶቹን ከግድግዳው ጋር ደረደራቸውና «አባቶቼ፣ እኔ አለሁ፣ ግቡ» አለን። ስንወጣ በገመድ አያይዟቸው አገኘናቸው። ለጥበቃው ብር ስንሰጠው መለሰልን። ከሕዝቡ መሀል ብዙ ሰው ቴሌብር ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበ። አንዳንዱ እዚያው ላከ።

ቀኑ ደግሞ የሥላሴ ወርኃዊ በዓልም ነው። በኮሪደር ልማቱ በተሠራው የብስክሌት መንገድ ወደ አራት ኪሎ፣ ወደ ቅድስት ሥላሴ አቀናን። ከዋናው መንገድ ወረድ ብለን ውሃ ልንገዛ ሱቅ ጠየቅን። የተከፈተ ግቢ ውስጥ ድንኳን ቢጤ ተጥሎ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት እናት ወጥተው «ሱቁ ዝግ ነው። ኑ፣ የሥላሴ ጽዋ ነው» አሉን።

እንግዳ ነን፣ ላብ በላብ ነን፣ ግማሻችን ጽዋ ጠጥቶ አያውቅም። ማንም የማን ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆንን አልጠየቀንም። ቦታ ተለቀቀልን። ድፎው ተቆረሰ፣ እንጀራ ቀረበ፣ የሚጠጣ ጠላ ተቀዳ፤ ለማይጠጣው ውሃ መጣለት። አንዲት ሴት ወንጌላዊውን ጓደኛችንን አጉርሳው፣ «ሁለተኛውን ካልጎረስክ አልለቅህም» አለችው። ዲያቆኑ ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለውን አነበበ። ከዚያ እኔ ስለ ቤቱ ተናገርኩ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት፣ ሽበታም ሰው ናቸው፣ በጽሞና ሰሙኝ። ገንዘብ ሊያዋጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ጠሪዋ እናት ጣልቃ ገቡ።

«አልጋው ተገኘላቸው። ምግባቸውስ?»

«ራሳቸው ይገዛሉ እትዬ። የቻለ ያበስላል።»

«ጨረር የወሰደ ሰው ያበስላል?»

ግቢው ጸጥ አለ። እትዬ ወደ ሙሴው ዞሩ። «እኛ በየወሩ በሰባት እንደግሳለን። እኛ የምንበላው የጠገበ ሰው ምግብ ነው። ቤቱ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ድስቱን ለምን አንከፍለውም?» አሉ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ግን ማን ያደርሳል?» አለ። ሌላው «የሌላም ማኅበር ሰው አውቃለሁ፤ እነሱ በሃያ ሰባት ናቸው» አለ። ክርክሩ ሞቀ። የክርክሩ ዓይነት ደስ ይላል። አንድም ሰው ይሁን አይሁን አላለም፤ ሁሉም የሚከራከረው እንዴት እንደሚሆን ነበር። መጨረሻ ላይ ሙሴው ተነስተው መረቁ፣ ተስማሙ።

ሰኞ ኅዳር 8፦ ቤቱ

ብስክሌቱን ትተን በእግር ሄድን። ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ ሰፈር ነው። የተሰበሰበውን ገንዘብ ለቤቱ ኃላፊዎች በባንክ ደረሰኝ አስረከብን። የጥቂት ወራት ኪራይ ይሸፍናል አሉን። ይህ በራሱ ደስ አሰኝቶናል፤ እሱን ብቻ ጽፌ ባልፍ ግን ያየሁትን አልነገርኳችሁም።

ከሲዳማ የመጡ እናት በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ውስጥ ተኝታለች፣ ሕክምናዋ ገና አላለቀም። እኛ በብስክሌት የመጣንበትን መንገድ እሳቸው በአውቶቡስ ሌሊት መጥተውበታል፣ ልጃቸው ትከሻቸው ላይ ተደግፋ። በአማርኛ ትንሽ ትንሽ ያወራሉ፤ የቀረውን የሀዋሳዋ ታናሽ በሲዳምኛ አስተረጎመችልን። አውቶቡስ ውስጥ ልጃቸውን ሲያስመልሳት አንድ የማያውቁት ወጣት ጃኬቱን አንጥፎ መቀመጫውን እንደለቀቀላት፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ሲወርዱም ታክሲ ይዞ እስከ ሆስፒታሉ በር እንዳደረሳቸው ነገሩን። ስሙን አልጠየቁትም። «እሱም አልነገረኝ» አሉ።

ከዚያ እኛን አስቀምጠው ቡና ሊያፈሉ ተነሱ። እሳቸው ራሳቸው በዚያ ቤት እንግዳ ናቸው። «እናንተ የመንገድ ሰው ናችሁ» አሉና ቡናውን መቁላት ጀመሩ። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ተቀመጥን። ጭሱ ወደ ጓዳው ሲገባ ልጃቸው ድምፅዋን አሰማች፣ ቡና ይሸታል ብላ። ደግፈው አወጧት፣ አብራን ተቀመጠች። ትንሽ ነው የጠጣችው።

ከሰዓት በኋላ የአራት ኪሎዋ እናት ከሌላ ሴት ጋር ቤቱን ሊያዩ መጡ። ኩሽናውን፣ ድስቱን፣ የአልጋውን ቁጥር ሁሉ ጠየቁ። ማን ምን መብላት እንደሚከለከል አንድ በአንድ አስጻፉ። ከሲዳማዋ እናት ጋር ለሰዓት ያህል ስለ ቆጮ አወሩ፣ እርስ በርስ በግማሽ ቋንቋ እየተግባቡ።

የሚቀጥለው ጽዋ ታኅሣሥ 7 ነው። ጾመ ነቢያት ስለሚሆን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይሠራል ብለውኛል፤ ለማይጾሙት ሕመምተኞች ደግሞ ለብቻ ሾርባ ይኖራል። ድስቶቹን ከአራት ኪሎ እስከ ቤቱ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ቁልቁለት ነው፣ ከኋላው ጠንካራ ዕቃ መጫኛ ያለው ብስክሌት ይበቃል። የእኔ ተመዝግቧል። የአንድ ሁለት ሰው ይጎድላል፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ሥላሴ ደጃፍ እንገናኝ።